የቀኝ በኩል ሚኒስትር

ሰኞ 3

ይህን ደብተር የገዛሁት የደንበኞቼን የወንበር ልክ ልጽፍበት ነበር። ዛሬ ግን ከሰው ጋር ከምጨቃጨቅ ከወረቀት ጋር ብጨቃጨቅ ይሻላል ብዬ ጀመርኩ። ወረቀት መሃል ላይ ገብቶ አያቋርጥም።

ጉዳዩ መኪና ነው። በዚህ ቤት አሁን ሌላ ጉዳይ የለም። የእህቴ ልጅ ባል ትናንት አንድ ትልቅ ኤስዩቪ እየነዳ መጣ። ባልየውን እኔ ግንቡ እለዋለሁ፤ ቁመቱን ያየ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም። መኪናው ጥቁር፣ ሰፊ፣ አፍንጫው ደረቴ ድረስ የሚመጣ ነው። ግንቡ በሩን ከፍቶ ሲወርድ ከፎቅ የወረደ ይመስላል። ግቢው ውስጥ ደግሞ የእኔ ሴዳን አለች፤ ዝቅ ያለች፣ ፈጣን፣ መሪዋ በሁለት ጣት የሚዞር፣ ወንበሮቿን በገዛ እጄ በቀይ ቆዳ የሰፋሁላት። ስሟ ሚዳቋ ነው። የእሱን ወዲያው ጉማሬ አልኩት። ፌንጣ ስሙን ወደደችው፤ ፌንጣ የወደደችው ነገር በዚህ ቤት ሕግ ነው።

ፌንጣ የእነሱ ልጅ ናት፣ አንደኛ ክፍል። መራመድ አታውቅም፣ መዝለል ብቻ። እናቷ ሬዲዮ ጣቢያ የጠዋት ዜና ስለምታነብ ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች። አባቷ የሕንፃ ሥራ ተቆጣጣሪ ነው፤ ሳምንቱን ከከተማ ውጭ ያሳልፍና ቅዳሜና እሁድን እዚህ ነው። ስለዚህ ልጅቷን ትምህርት ቤት ማድረስ የእኔ ድርሻ ነው። ከወንበር ሰፊነቴ የሚበልጥብኝ ሥራዬ ይህ ነው፤ ለማንም ግን እንዲህ ብዬ አልነግርም።

“ከዛሬ ጀምሮ በትልቁ ይውሰዷት፣ ጋሼ” አለኝ ግንቡ ቁልፉን እየሰጠኝ። “መንገዱ ለቧንቧ ተቆፍሯል፣ ዝናቡም ገብቷል። ከፍ ያለ መኪና ለልጅ ደህና ነው።”

“ለልጅ ነው ለቀጭኔ?” አልኩት።

የእህቴ ልጅ ፈረደች። ግቢው ሁለት መኪና አይችልም፤ አንዱ እንዲወጣ ሌላውን መንገድ ላይ ማውጣት ሊያሳብደን ነው። ዝናቡ እስኪያልቅ ሁለቱም ይሞከሩና አንዱ ይሸጣል። ይህን ስትል የምታየው እኔን ነበር። ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ አስተያየቷን አውቀዋለሁ።

እኔ እያለሁ ሚዳቋ አትሸጥም።


ረቡዕ 5

በችኮላ። ጉማሬ ቀኝ ጎኑን የግቢው በር ምሰሶ ላይ ላጠው። ከኋላ በር እስከ ጎማው ድረስ። መኪናው ሰፊ ነው፣ በሩ ጠባብ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ። በጨርቅ አሸሁት። አልለቀቀም።


ቅዳሜ 8

ግንቡ መጣ፣ ጭረቱንም አየ። አጎንብሶ በጣቱ ዳበሰው።

“እሁድ ማታ ሳስገባው ነው መሰለኝ” አለ። “ዝናብ ነበር።”

“አየህ? ገና በሳምንቱ!” አለችው ሚስቱ፤ እየሳቀች ነው ግን።

“ጉማሬ ውሃ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ በር የት ያውቃል” አልኩ እኔ። ሁሉም ሳቁ። ፌንጣ ከሁሉም በላይ ሳቀች።

አልዋሸሁም። የተናገርኩት ቀልድ ነው። ያልተናገርኩት ደግሞ ያልተናገርኩት ነው።

ከሰዓት በኋላ ግንቡ ብቻውን መኪናውን ሲያስገባ ሲያስወጣ፣ ሲያስገባ ሲያስወጣ ዋለ። በየጊዜው እየወረደ ምሰሶውን ያያል፣ ይወጣል፣ እንደገና ይሞክራል። ያ ሁሉ ቁመት ተጣጥፎ ስፖኪዮ ላይ ሲያፈጥ። መስኮቱን ዘጋሁት። ብርድ ነበር።


ማክሰኞ 11

አዲስ ጨዋታ ፈጠርኩ። ፌንጣን የቀኝ በኩል ሚኒስትር አድርጌ ሾምኳት። ሥራዋ ከኋላ ወንበር በቀኝ በኩል ተቀምጣ የምታየውን ሁሉ ጮክ ብላ ማሳወቅ ነው። ደመወዟ ከረሜላ።

“ቢስክሌት! ሰውየው ዳቦ ይዟል!”

“ዳቦው የሌላ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው። ቢስክሌቱ ቅርብ ነው ሩቅ?”

“ቅርብ! አሁን አለፍነው! ሴትዮ! ዣንጥላዋ ተገልብጦባታል! ውሻ! ውሻው ቆሟል… አይ፣ ሄደ!”

“ጎበዝ ሚኒስትር።”

“አባባ፣ ግራውን ማነው የሚያየው?”

“ግራውን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሱ ይዞታል።”

ማታ እናቷ ይህ ሁሉ ጩኸት ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ልጅ አስተዋይ እንድትሆን ነው አልኳት። እውነት ነው፤ ዛሬ ሦስት ዓይነት ወፍ ለይታለች። ቀኑም ሰላም ዋለ። ትከሻዬ ሳይደነድን ነድቼ ከገባሁ ሰንበት ብሎ ነበር።


ዓርብ 14

ሱቅ። ቀኑን ሙሉ ዝናብ፣ ቀኑን ሙሉ ክርክር። ጎረቤቴ ጎሚስታው የትልቅ መኪና ወገን ነው፤ ጎማው ትልቅ ስለሆነ።

“ለየዕለቱ መንጃ እኮ ነው የምንለው” አልኩት። “ለሥራ፣ ለገበያ፣ ለትምህርት ቤት። ሴዳን ስታዞራት ትዞራለች፣ ስታቆማት ትቆማለች፣ የትም ትገባለች። ያንተ ጉማሬ ለመዞር ስብሰባ ይጠራል።”

“ጉድጓድ ውስጥ ስትገባስ? ሚዳቋህ ሆዷን እየጎተተች ስትጮህ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማታል” አለኝ። “ደግሞ ከፍ ብለህ ስትቀመጥ ዓለም ይታይሃል።”

“ዓለም ይታየዋል፤ አፍንጫው ሥር ያለው ነው የማይታየው።”

ጎሚስታው እጁን እየጠረገ ትንሽ አየኝና፣ “ስለ መኪናው ነው የምታወራው?” አለ።

“ስለ ማን ሊሆን ነው?”

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ማንበብ የተማርኩት አሮጌ ወንበር ውስጥ ለመሙያ ከሚጠቀጠቅ ጋዜጣ ነው፤ ወንበሩን እፈታለሁ፣ ገጹን አቃናለሁ፣ አነባለሁ። አብዛኛው ግማሹ የተቀደደ ነው። ስለዚህ ዕውቀቴ ሁሉ ግማሽ ገጽ ነው፤ ቀሪውን ከራሴ እሞላለሁ። ጎሚስታው ይህን ያውቃልና ስከራከር ሁልጊዜ “ይሄኛው ከተቀደደው በኩል ነው” ይለኛል።

አንድ ደንበኛ ወንበሩን መልሶ አመጣ። “ስፌቱ በግራ እንደ ቀስት ነው፤ ወደ ቀኝ ሲሄድ ሰክሯል” አለኝ። ክሩ ነው አልኩት፤ የዘንድሮ ክር ይለጠጣል። ፈትቼ ደገምኩለት፤ ለሻይ ሳልነሳ፣ ቀና ሳልል።

ስወጣ ጎሚስታው በሩ ላይ ከሰቀላቸው ጎማዎች አንዱ ግንባሬን መታኝ። ሰው በሚያልፍበት ይሰቅላል። ለሠራተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር ሰማሁት፦ “ሁልጊዜ በዚያው ጎን ነው።”

ምኑ?


ሰኞ 17

ይህ ደብተር ጠባብ ነው። ብዕሬ ከገጹ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጽፏል። “ነገ ልጅቷን” የሚለው ቃል ግማሹ እንጨት ላይ ነው። የወረቀት ነጋዴዎች ሌቦች ናቸው።


ረቡዕ 19

ሳይውል ሳያድር ልጻፈው።

ፌንጣን ትምህርት ቤቱ በር ላይ አወረድኩ። ዘልላ ገባች። ሞተሩን አስነስቼ ቀስ ብዬ ተንቀሳቀስኩ፤ ቀስ ብዬ ነው፣ ይህን ማንም ይመሰክራል። ወዲያው የመኪናው ጎን እንደ ከበሮ ተመታ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነው፤ በሁለት እጁ ይደበድባል።

“ጋሼ! ልጅ! ልጅ!”

ፍሬን ያዝኩ። ከቀኝ ጎማው ፊት አንድ ትንሽ ልጅ ብድግ አለ። የጫማውን ክር ሲያስር ነበር። ምንም አልሆነም። አየኝና ሮጦ ገባ፤ አንዱ ክሩ ሳይታሰር።

ዘበኛው ወደ መስኮቴ መጣ። “እጄን ሳወዛውዝ አላዩኝም እንዴ? እዚሁ እኮ ነበርኩ፣ በዚህ በኩል!”

“ይህ መኪና ኮፈኑ ከፍ ያለ ነው” አልኩት። “አያሳይም።”

ኮፈኑን አየ። ከዚያ እኔን አየ። “እርስዎስ ደህና ነዎት፣ ጋሼ?”

ጥያቄ ነው እንዴ ይሄ?

ኮፈኑ ነው። ከፍ ያለ ነው። ከፍ ያለ አይደለም የሚል ካለ ይለካው።


ሐሙስ 20

ለእህቴ ልጅ ነገርኳት። ከሌላ ሰው ከምትሰማ። ስለ ኮፈኑ በደንብ አድርጌ ነገርኳት፤ ዘበኛውንም፣ የጫማውንም ክር። ሳልጨርስ ፊቷ ተለወጠ።

“የእኔ ልጅ ብትሆንስ?” አለች።

“ልጁ ምንም አልሆነም።”

“የእኔ ብትሆንስ አጎቴ?”

 ቀልድ ስፈልግ እሷ ፈረደች።

ከነገ ጀምሮ በሚዳቋ ነን። ጉማሬ ይሸጣል። አሸነፍኩ ማለት ነው።


ቅዳሜ 22

ግድግዳው ቀጭን ነው። አዳምጬ አይደለም፤ ተሰምቶኝ ነው።

“ያን ግንብ የሚያህል ነገር ለልጅህ ብለህ አመጣህ! ከፊቱ ልጅ የማያሳይ!”

“ለእሷ ብዬ እኮ ነው የገዛሁት። አንድ ነገር ቢመታት…”

“እሱ ሊመታ ነበር! እሱ! በሩን የላጠኸው አንተ፣ የሚከሰሰው አጎቴ ሊሆን ነበር!”

 ይህ ሰው ዝም ሲል በጣም ዝም ይላል። ትልቅ ሰው ስለሆነ ዝምታውም ክፍሉን ይሞላዋል። ቆይቶ፣ “እሺ፣ የሚመጣው ቅዳሜ ገዢ አመጣለሁ” ሲል ሰማሁ።

ገብቼ ልናገር ተነሣሁ። ጫማዬን ፈልጌ አንዱን አጣሁት፤ አልጋው ሥር በቀኝ በኩል ነበር። ሳገኘው ጭቅጭቁ አልቆ ነበር። ጫማው ባይጠፋኝ ኖሮ እናገር ነበር። ይመስለኛል።


እሁድ 23

ጠዋት ግንቡ ጉማሬ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠና ፌንጣን ከመኪናው ፊት አቆማት። ልጁ የነበረበት ቦታ የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቀኝ። አሳየሁት።

“ቁጭ በይ” አላት። ተቀመጠች። “የጫማ ክር እሰሪ።” ክር የሌለው ጫማ ነበር ያደረገችው፤ አስመስላ አሰረች።

ከመስኮቱ አንገቱን አወጣ። “ጋሼ፣ ባርኔጣዋ ይታየኛል እኮ።”

“አንተ ረጅም ነህ” አልኩት ፈጥኜ።

አሰበበት። ሰውየው ምን ያህል ቅን እንደሆነ የሚገባኝ እንዲህ ሲያስብ ነው፤ የተባለውን ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል ብሎ ይጀምራል። “ልክ ነዎት” አለ። “እኔ በራሴ ቁመት ነው የለካሁት። ለእርስዎ ትራስ መግዛት ነበረብኝ። አላሰብኩበትም።”

ለእኔ ትራስ! ወንበር ሰፊ ለሆንኩት!

ሳቅኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ። ምሳዬን ግን ሳልጨርስ ተነሣሁ፤ ሾርባው ቀዝቅዞ ነበር ብዬ በእህቴ ልጅ ላይ አላከክሁ። ሾርባው ያጨስ ነበር።


ማክሰኞ 25

ማንም ቤት አልነበረም። ለመዝናናት ብዬ ነው ይህን ያደረግኩት።

የእህቴን ልጅ መንዳት ሳስተምራት እንደማደርገው ግቢው ውስጥ ባልዲዎች አቆምኩ፤ ከሚዳቋ አፍንጫ ፊት በግራ አንድ፣ በመሃል አንድ፣ በቀኝ አንድ። ቢጫ ባልዲ፣ ከሩቅ የሚጮህ ቀለም። መሪው ላይ ተቀመጥኩ። የሚዳቋ ኮፈን ዝቅ ያለ ነው፤ ሕፃን ብርጭቆ ቢያስቀምጥበት ይታያል።

ግራው ነበር። መሃሉ ነበር። ቀኙ አልነበረም።

ወረድኩ። ቆሟል። ተመልሼ ተቀመጥኩ፣ ሄዷል። አንገቴን ሳዞር መጣ፣ ቀጥ ብዬ ሳይ ሄደ።

ከደመናው የሚመጣው ብርሃን ያንጸባርቃል። በዚህ ወቅት ብርሃኑ እንዲህ ነው፣ ልብ ያላለ አያውቀውም።

ባልዲዎቹን በየቦታቸው መለስኩ። አንዱን ስመልስ በእግሬ መታሁት።


ሐሙስ 27

ፌንጣ ተኝታለች። ቤቱ ፀጥ ብሏል። እንደሆነው እጽፋለሁ።

ትናንት እናቷ ከረሜላ ከለከለች፤ ጥርሷ እየተበላ ነው። ዛሬ ጠዋት ሚኒስትሯ እጇን አጣጥፋ፣ ከንፈሯን ጥላ ገባች።

“ሥራዬን ለቅቄያለሁ።”

“ሚኒስትር ዝም ብሎ አይለቅም። ደብዳቤ ይጽፋል።”

“ደብዳቤ መጻፍ አልችልም።”

“እንግዲያው አልለቀቅሽም።”

“ለቅቄያለሁ!”

ማቆም ነበረብኝ። ሞተሩን አጥፍቼ፣ ወርጄ፣ በእግር መሄድ ነበረብኝ። ግን ሚዳቋ ውስጥ ነበርኩ። ወደዚያ ዝቅ ያለ ወንበር ስገባ ጉልበቴ እንኳ አያመኝም፤ ሞተሩ ሲነሣ እኔም አብሬ እነሣለሁ። እንደ ድሮው ነዳሁ። ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ያብረቀርቃል። ከኋላዬ አንድ ቃል የለም።

ለቧንቧ የተቆፈረበት ጋ ሲደረስ ግራው ጉድጓድ ስለሆነ መኪናው ሁሉ ወደ ቀኝ፣ ወደ እግረኛው ይጠጋል። እኔም ተጠጋሁ። ጧ! አለ። ቀላል ድምፅ ነው፣ ጠርሙስ ሲከፈት ዓይነት። የቀኙ ስፖኪዮ ታጥፎ መስኮቱን መታ።

ፍሬን። በኋላ መስተዋት አየሁ። አንድ ሰማያዊ ዣንጥላ መንገዱ ላይ እየተሽከረከረ ነው። ዳር ላይ የፌንጣን ዓይነት ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ቆማለች። እጇን አልመለሰችውም፤ ጣቶቿ ዣንጥላውን እንደያዙ ቀርተዋል፣ ዣንጥላው ግን የለም።

ሮጥኩ። “ነካሁሽ? የት ነካሁሽ?”

“ዣንጥላዬን” አለች።

እጇን አገላበጥኩት። ጣቶቿን አንድ በአንድ አየሁ፤ የምትገዛውን ጨርቅ እንደምትመረምር ሴት። ምንም የለም። ሁለት ጣት ወደ ውስጥ ብትቆም ኖሮ…

ወደ መኪናው ስመለስ ፌንጣ እያለቀሰች ነው። ድምፅ የለውም፤ ትከሻዋ ብቻ።

“አይቻት ነበር” አለች። “ከሩቅ ነው ያየኋት። ዣንጥላዋንም አይቼ ነበር። ግን ሥራ ስለለቀቅኩ ዝም አልኩ።” ከዚያ ቀና ብላ፣ “የእኔ ጥፋት ነው፣ አባባ?” አለችኝ።

ዙሪያዬን አየሁ። እውነቴን ነው፣ የማላክክበት ነገር ፈለግኩ። የሚዳቋ ኮፈን ዝቅ ያለ ነው። መስተዋቷ ንጹሕ ነው። ዝናቡ አባርቷል። ደመናው እንኳ አያንጸባርቅም። ከእኔ ሌላ እዚያ የነበረችው ፌንጣ ብቻ ናት።

ጥፋቴን ግንቡ ላይ ስጭን ሰውየው ሰፊ ትከሻ አለው ብዬ ነበር መሰለኝ። የፌንጣን ትከሻ ሳየው ግን ሌላ ነገር ነው። የደብተር ቦርሳዋ እንኳ ይበልጣታል።

“አይደለም” አልኳት። “ያንቺ ጥፋት አይደለም። ሥራው ያንቺ አልነበረም። የእኔን ሥራ ነው ላንቺ የሰጠሁሽ።”

ቁልፉን ነቀልኩ። ሁለቱን ልጆች በሁለት እጄ ይዤ በእግር ሄድን፤ የፌንጣን ዣንጥላ ለዚያችኛዋ ሰጠናት። ዘበኛው ከሩቅ አየን። “መኪናውስ፣ ጋሼ?”

“ደክሟታል” አልኩት። እሱም አልሳቀም፣ እኔም።

ሚዳቋን ጎሚስታው ሄዶ አመጣት። ቁልፉን የልብስ ስፌት መኪናዬ ላይ አስቀመጠና፣ “በየትኛው ጎን?” አለኝ።

“በዚያው” አልኩት።

ሌላ አልጠየቀኝም። በሩ ላይ የሰቀላቸውን ጎማዎች ሲያወርድ አየሁት። ሁሉንም።


ዓርብ 28

ጠዋት በእግር። ማታ ግንቡ መጣ። ራት ከተነሣ፣ ፌንጣም ከተኛች በኋላ ሁለቱንም ቁጭ በሉ አልኳቸው።

“የጉማሬ ጠበቃ ሆኜ ልቆም ነው” ብዬ ጀመርኩ።

“አጎቴ፣ ዛሬ ቀልድ የምሰማበት ጆሮ የለኝም” አለች የእህቴ ልጅ።

ስለዚህ ያለ ቀልድ ነገርኳቸው። ያለ ቀልድ ስናገር ድምፄን አላወቅሁትም። የትምህርት ቤቱን፣ የባልዲውን፣ የዣንጥላውን። ኮፈኑ ምንም እንዳላደረገ። በቀኝ በኩል እንደማላይ፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንደማላውቅ፣ ወይም ለማወቅ እንዳልፈለግሁ።

ግንቡ ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ “ምሰሶውም?” አለ።

“ምሰሶውም።”

“እኔ እኮ…” አለና ግንባሩን በመዳፉ ያዘ። “በየቅዳሜው ማስገባትና ማስወጣት ስለማመድ ነበር። ሥራ ቦታ እንኳ በድንጋይ መሃል እለማመዳለሁ። ሠራተኞቹ ይስቁብኛል።”

“አይቼሃለሁ” አልኩት። “መስኮት ዘግቼብሃለሁ።”

ሊቆጣ ይገባው ነበር። ብቆጣ ይሻላል ብሎ ሲያስብ አየሁት፤ አልቻለበትም። ብርጭቆዬን ውሃ ሞላልኝ።

የእህቴ ልጅ ግን ጠረጴዛውን ነበር የምታየው።

“ጨዋታው” አለች። “የቀኝ በኩል ሚኒስትር። ለእሱ ነው?”

“ለእሱ ነው።”

“በየቀኑ? ልጄ ናት ስትነዳ የነበረችው?”

“በየቀኑ” አልኳት።

ተነሥታ ሄዳ የፌንጣ ክፍል በር ላይ ቆመች። ትተነፍስ እንደሆነ የምታዳምጥ ይመስል ረጅም ጊዜ ቆመች። ስትመለስ እጇን ዘረጋች። “ቁልፉን” አለች፤ ድምፁ የዜና ድምፅ ነበር። ሁለቱም ቁልፎች ጠረጴዛው ላይ ነበሩ፤ አስቀድሜ አስቀምጫቸዋለሁ። ከግራዬ ነበር ያስቀመጥኳቸው።

ከልጅነቷ ጀምሮ ደህና እደር ሳትለኝ ተኝታ አታውቅም። ዛሬ አላለችኝም።


ቅዳሜ 29

ገዢው መጣ፤ ለጉማሬ። ወጣት ነው፣ አዲስ አባት፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ።

ከግንቡ ቀድሜ በሩ ላይ ያዝኩት። “ጉማሬ አይሸጥም” አልኩት። “ስሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ምንም የለበትም። የምትሸጠው እሷ ናት።”

“እኔ ከፍ ያለ ነበር የምፈልገው።”

“ለምን? የምትኖረው የት ነው? አስፋልት ዳር? ታዲያ ለሥራና ለቤት ተራራ ምን ይሠራልሃል?” ብዬ ገባሁበት። ለጎሚስታው ስነግረው የኖርኩትን ሁሉ አልኩት፤ አዟዟሯን፣ አቋቋሟን፣ ሕፃን ተኝቶ ሳይነቃ የምትሄደውን አካሄድ። አንድም ውሸት አልነበረበትም። ለዚህ ይመስለኛል እንደዚያ የከበደኝ።

ግንቡ ወደ ጎን ወሰደኝ። “ጋሼ፣ ግዴለም። ጉማሬን እሸጥና እኔ ሚዳቋን እነዳታለሁ። ለእርስዎ ትቆይ።”

“ጉልበትህን የት ታስገባዋለህ? ጆሮህ ውስጥ?”

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ገዢው ቀዩ ወንበር ላይ ተቀምጦ መሪውን ሲይዝ አየሁት፤ ማንም ሳይነግረው በሁለት ጣት አዞረው። እንግዲህ ደህና እጅ ላይ ነች።

ከበሩ ስትወጣ ወደ ቀኝ ታጠፈች። አንገቴን አዙሬ እስክትሰወር አየኋት።


ሐሙስ 4

ግንቡ ከአለቃው ፈቃድ አግኝቶ ቅርብ ወዳለ ሥራ ተዛውሯል፤ ጠዋት ጠዋት ልጁን እሱ ያደርሳል። አሁን አንድም ምሰሶ አይነካም። ተለማምዶበታል፣ ምስጋናው ለእኔ ነው።

ዛሬ የዓይን ሐኪም ጋ ሄድን። የወሰደችኝ የእህቴ ልጅ ናት። በመንገድ ብዙ አላወራችኝም። ሐኪሟ ከቀኝ ዓይኔ የሄደው አይመለስም አለች፤ ያለ ሕመም ቀስ ብሎ የሚሄድ ነገር ነው፣ የቀረውን ለመጠበቅ ጠብታ በየቀኑ። ግራውንም እንጠብቀው አለች። “እንዴት ሳታውቁት ቆያችሁ?” ብላ ሁለታችንንም ጠየቀች።

“እኔ ዕውቀቴ ግማሽ ገጽ ነው” ብዬ ልመልስ ነበር። ተውኩት።

ስንወጣ ደረጃው ላይ አንድ እጅ ክንዴን ያዘኝ። በቀኜ በኩል ስለሆነ ማን እንደሆነ አላየሁም፤ ግን ያ እጅ መንገድ መሻገር የተማረው ከእኔ ጋር ነው። እስከ ታች አልለቀቀችኝም። ማታ በሬን ገፋ አድርጋ፣ “ደህና እደር አጎቴ፣ ጠብታህን አድርገሃል?” አለች።

አድርጌያለሁ። ግማሹ ጉንጬ ላይ ነው።


ቅዳሜ 6

ዝናቡ አልቋል መሰለኝ። ግንቡ ከሥራ ቦታው ቁራጭ ብረት አምጥቶ ለጉማሬ መወጣጫ በየደልኝ፤ ወደዚያ ከፍታ ያለ መሰላል መውጣት አልችልም ስላልኩ። ቀልዴን ነበር። እሱ የተባለውን ሁሉ እውነት ብሎ ነው የሚጀምረው።

ከፊት፣ በቀኝ ወንበር ተቀመጥኩ። ጎሚስታው እውነቱን ነው፣ ዓለም ይታያል። ግማሹ። ይህን ለእሱ አልነግረውም። ወንበሩ ግን ውርደት ነው፣ ፋብሪካ የሰፋው፤ በሚመጣው ሳምንት በቀይ እቀይረዋለሁ።

ቧንቧው ተቀብሮ መንገዱ ተደፍኗል። ቀስ ብለን እንሄዳለን። ከኋላዬ፣ ከመቀመጫዋ፣ ድምፅ መጣ።

“ቢስክሌት በቀኝ!”

“አይቼዋለሁ የኔ እናት” አለ ግንቡ።

“ሁለት ውሾች! አንደኛው ጆሮው ነጭ ነው!”

“አየኋቸው። እኔ አያለሁ፣ አንቺ አትድከሚ። ከረሜላም የለም እኮ።”

“ላንተ አይደለም የምነግረው” አለች ፌንጣ። “ለአባባ ነው። እንዳያመልጠው።”

ግንቡ ፍጥነቱን ቀነሰ። እኔ ወደ ፊት እያየሁ ነበር፤ አንገቴን ማዞር እችል ነበር፣ አላዞርኩም።

“ቀጥይ” አልኳት። “ጆሮው ነጭ ነው አልሽ?”